«እውነተኛ ዴሞክራሲ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በቅርቡ መምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ክርክር ተነሣ። አንዱ ባልደረባዬ «እውነተኛ ዴሞክራሲ የሚባል አማርኛ የለም፤ ዴሞክራሲ ወይ አለ ወይ የለም፤ ‹እውነተኛ› ማለት ድግግሞሽ ነው» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ሕዝብ ጦሙን እያደረ ድምፅ ስለ ሰጠ ብቻ ዴሞክራሲ አለ አይባልም፤ እውነተኛው ሕዝብ የሚጠቀምበት ነው» ብላ ተከራከረች። እኔን ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገርም አለ። አንዳንዱ መጽሐፍ «ከሕዝብ፣ በሕዝብ፣ ለሕዝብ» ይላል። ሌላው «የሕዝብ፣ በሕዝብ፣ ለሕዝብ» ይላል። ተማሪዎቼ የትኛውን ይጻፉ? ደግሞስ «ዴሞክራሲ» ነው ወይስ «ዲሞክራሲ»?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ጥያቄዎ ከሰዋስው ያልፋል። ቢሆንም ሰዋስዉ ብዙ መንገድ ስለሚወስደን ከእሱ ልጀምር።

ባልደረባዎ «ድግግሞሽ ነው» ያሉት ቅጽል ሁሉ አንድ ሥራ የሚሠራ መስሏቸው ይመስለኛል። «ቀይ ሽንኩርት» ስንል «ቀይ» የሚለው ቃል ከነጩ ይለይልናል። ሁለት ዓይነት አለ፤ የትኛውን እንደምንፈልግ መናገራችን ነው። «ንጹሕ ማር» ግን ሌላ ነው። ማር ሻጭ «ንጹሕ ነው» የሚለው ገበያው ውስጥ ስኳር የተቀላቀለበት ስላለ ነው። ገዢው ተጠራጥሯል፤ ሻጩም መጠርጠሩን ያውቃል። ማር ሁሉ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ቃሉን የሚያነሣው አይኖርም ነበር። «እውነተኛ ዴሞክራሲ» ውስጥ ያለው «እውነተኛ» የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ስሙን የያዘ ነገር ግን ነገሩን ያልያዘ መኖሩን ያስታውቃል። ስለዚህ አማርኛው ልክ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ቃል ቸግሮት አያውቅም። «የይስሙላ ምርጫ» እንላለን። «ለስም ያህል» እንላለን። የከተማ ወጣት «የምር ምርጫ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ነገሩ የሚበላሸው ተናጋሪው «እውነተኛ» ብሎ መለኪያውን ሳይነግረን ሲቀር ነው። በዴሞክራሲ ላይ ይህ በየቀኑ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ቃሉን የማይፈልገው የለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዩኔስኮ የምሥራቁንም የምዕራቡንም ምሁራን ስለ ዴሞክራሲ ጠይቆ ነበር። ከመላሾቹ መካከል «ዴሞክራሲን እቃወማለሁ» ያለ አልተገኘም። በጥንቷ አቴና እነ ፕላቶን በግልጽ ይነቅፉት ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ጠበኞቹ ሁሉ በአንድ ስም መማል ጀመሩ። ጠቡም ወደ ቃሉ ውስጥ ገባ።

የብሪታንያው ፈላስፋ ጋሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ እንዲህ ዓይነት ቃላት ጽፎ ነበር። አንዳንድ ቃላት አሉ፤ ስለ ትርጉማቸው መከራከር ራሱ የአጠቃቀማቸው ክፍል ነው ይላል። ዴሞክራሲ ከምሳሌዎቹ አንዱ ነበር። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ሮበርት ዳል ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። «ዴሞክራሲ» የሚለውን ስም ለምኞቱ፣ ለፍጹሙ ነገር እንተወው አለ። በምድር ላይ ያሉትን፣ ምርጫና ነፃ ፕሬስ ያላቸውን አገሮች «ፖሊያርኪ» ብሎ ጠራቸው። ሐሳቡ የጠራ ነው። ግን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አልወጣም፤ ሕዝብ የለመደውን ስም በምሁር ፈቃድ አይለቅም። «ወይ አለ ወይ የለም» ላሉት ባልደረባዎ ይህን ይንገሯቸው። አንዱ አገር ካንዱ ይሻላል፣ ያው አገርም ካምናው ዘንድሮ ይብሳል ማለት ካልቻልን ቃሉ ለምንም አይጠቅመንም።

አሁን ወደ ሦስቱ መስተዋድዶች እንምጣ። እኔ የክርክራችሁን ሁሉ መፍቻ የማገኘው እዚያ ነው።

አባባሉ የአብርሃም ሊንከን ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1863 ጌቲስበርግ ላይ፣ በጦርነቱ የወደቁ ወታደሮች መቃብር ሲመረቅ የተናገረው ነው። ንግግሩ የጥቂት ደቂቃ ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ በዚያ ንግግር ውስጥ «ዴሞክራሲ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሊንከን የተናገረው ስለ መንግሥት ነው። የሕዝብ የሆነ፣ በሕዝብ የሚመራ፣ ለሕዝብ የቆመ መንግሥት ከምድር እንዳይጠፋ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሐረጉን የዴሞክራሲ ፍቺ አድርጎ ያዘው።

«የሕዝብ» ወይስ «ከሕዝብ»? የሁለቱም መነሻ ይገባኛል። «የ» በአማርኛ ሁለት ፊት አላት። «የእናት ፍቅር» ስንል ወዳጇ እናት ናት። «የአገር ፍቅር» ስንል ግን አገር ተወዳጅ እንጂ ወዳጅ አይደለም። ቅርጹ አንድ ሆኖ አንዱ አድራጊ፣ አንዱ ተደራጊ ይሆናል። «የሕዝብ አስተዳደር»ም እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ያስተዳድራል ማለት ነው ወይስ ይተዳደራል? ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። «ከሕዝብ» ያሉት ተርጓሚዎች ይህን አሻሚነት ሸሽተው ይመስለኛል። ሥልጣን የሚመነጨው ከሕዝብ ነው ለማለት ፈልገዋል። ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን «ከ» መነሻን ብቻ ነው የምትናገረው። ከየት እንደመጣ ትነግረናለች፤ ዛሬ የማን እንደሆነ አትነግረንም። በደርግ ዘመን ሬዲዮ ስንሰማ ያደግን ሰዎች «ከሰፊው ሕዝብ አብራክ የወጣ» የሚለውን አባባል አንረሳውም። መኮንኑም ካድሬውም ከሕዝብ አብራክ የወጣ ነበር። ብዙዎቹ እውነትም የድኻ ልጆች ነበሩ። መውጣታቸው ግን ሥልጣኑን የሕዝብ አላደረገውም። «የ» የባለቤትነት ናት። ባለቤት ደግሞ ሰጥቶ ይነሣል፣ ይቆጣጠራል፣ ሒሳብ ይጠይቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የቆየ ተረታችን ሹመትን የተሿሚው ንብረት ያደርገዋል። «የሕዝብ» የምትለው አንዲት ቃል የምትሟገተው ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው። ስለዚህ እኔ «የሕዝብ» እላለሁ፤ ለሊንከንም ቃል የሚቀርበው እሱ ነው።

«በ» ደግሞ የአሠራር ናት። «በሕዝብ ተመረጠ» ስንል አድራጊውን ታሳያለች። ዴሞክራሲን በ«በ» ብቻ የሚፈቱ ሊቃውንት አሉ። የኦስትሪያ ተወላጁ ኢኮኖሚስት ዮሴፍ ሹምፔተር እ.ኤ.አ. በ1942 እንዲህ ያለ ፍቺ ሰጥቷል። ለእሱ ዴሞክራሲ ዘዴ ነው፤ መሪዎች ለሕዝብ ድምፅ ተወዳድረው ሥልጣን የሚይዙበት ዘዴ። ከዚያ በላይ አትጠይቁት ይላል። ጥቅሙ መቆጠር መቻሉ ነው። ምርጫ ተካሂዷል ወይስ አልተካሄደም? ተሸናፊው ወርዷል ወይስ አልወረደም?

በአገራችን «በ» የመጣችው ቀስ እያለች ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ደነገገ። «እስኪችል ድረስ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ዕድሜ ነበረው። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ያኔም ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ዘመን አልፎ 1997 ሲመጣ ምርጫው የራሱን አማርኛ ፈጠረ። «ምርጫ 97» ራሱ ስም ሆነ። «ኮሮጆ» የሚለው የጥንት ቃል በየቤቱ ተነሣ፤ «ኮሮጆ ግልበጣ» የሚል ሐረግም ወለደ።

በ2007 ዓ.ም. የሆነውን እንይ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። ካርድ ተወስዷል፣ ሰው ተሰልፏል፣ ድምፅ ተቆጥሯል። ያን ሰሞን «አውራ ፓርቲ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ይሰማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። አማርኛ «ድምፅ» የሚለውን ቃል ለሁለቱም ይጠቀምበታል፤ ሣጥን ውስጥ ለሚገባው ወረቀትም፣ ከጉሮሮ ለሚወጣውም። በዚያ ዓመት ሁለቱ ድምፆች ፈጽሞ አልተገናኙም። «በሕዝብ» በሚለው ላይ አንዲት ቃል ብትጨመር «በሕዝብ ስም» ይሆናል። ጋዜጣ ሲያነቡ ይህችን ጭማሪ ይፈልጓት፤ ተጽፋ ባትገኝም።

የሴት ባልደረባዎ ዴሞክራሲ በ«ለ» የተሠራ ነው። እሳቸውን ማቃለል አይገባም። የአገራችን ትልቁ የፖለቲካ መፈክር በ«ለ» የተሠራ ነውና። «መሬት ላራሹ» ሲፈታ «መሬት ለአራሹ» ነው። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. ይዘውት ወጡ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅን አወጀ። ጭሰኛው ከባለርስት ተላቀቀ። ድምፅ የሰጠ ሰው አልነበረም፤ ምክር ቤትም አልነበረም። ቢሆንም ለብዙ ገበሬ ከማንኛውም ምርጫ የሚበልጥ ለውጥ ነበር። ያንን ቀን ያዩ ሽማግሌዎች ሲናገሩት ዛሬም ፊታቸው ይበራል። «ለሕዝብ» ባዶ ቃል አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

አዋጁን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። የገጠር መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል። «ለ» ለአራሹ ተሰጠች፤ «የ» ግን «ሕዝብ» ለሚባለው ሄደች። አራሹ ያርሳል፣ ያጭዳል፤ መሸጥ አይችልም። የ«ሕዝብ»ን ፈቃድ የሚናገረው ደግሞ መንግሥት ነበር። «ለ» ብቻዋን ስትሆን ሁልጊዜ ከበላይዋ ሰጪ አለ። ሰጪው ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ተቀባዩ በምን ያስቆመዋል? ለባልደረባዎ ይህን ጥያቄ ያቅርቡላቸው። እርስዎ ግን ለሌላኛው ጥያቄ ይዘጋጁ፤ ድምፅ የሰጠ ሰው ጦሙን ሲያድር ድምፁ ምን ሠራለት?

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2011 በስፔን ብዙ ሺሕ ሰው አደባባይ ወጣ። ሰልፉን የጠራው ስብስብ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «እውነተኛ ዴሞክራሲ አሁኑኑ» ነው። ስፔን ከ1977 ጀምሮ ነፃ ምርጫ ስታካሂድ ነበር። ግን ከወጣቶቿ ከ40 በመቶ በላይ ሥራ አልነበራቸውም። ማድሪድ መሐል ፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ላይ ድንኳን ተክለው «አይወክሉንም» አሉ። እነዚያ ልጆች «በ» ነበራቸው። የጎደለባቸው «ለ» ነበረች፤ የጠየቁት ደግሞ «የ»ን ነው። ባልደረባዎ ድግግሞሽ ያሉትን ቃል አንድ ትውልድ ስሙ አድርጎ አደባባይ ወጥቶበታል።

ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ ቃል ሳይነካ አልፏል። «ሕዝብ» ማን ነው?

የግሪኩ «ዴሞስ» ገና ሲጀምር ሁለት ትርጉም ነበረው። ዜጎችን በሙሉ ማለት ነው፤ ተራውን፣ ድኻውን ወገን ማለትም ነው። አቴና ውስጥ ደግሞ ሴቱም፣ ባሪያውም፣ መጤውም ከዴሞስ አይቆጠሩም ነበር። ስዊዘርላንድን ይውሰዱ። ሕዝብ በየጊዜው ወጥቶ በሕግ ላይ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥባት፣ ለብዙዎች የዴሞክራሲ ምሳሌ የሆነች አገር ናት። ሴቶች በፌዴራል ደረጃ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ1959 ጥያቄው ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ ወድቆ ነበር። ውሳኔ ሰጪዎቹ ወንዶቹ ነበሩ። አፐንዜል ኢነርሮደን በሚባለው ትንሽ ካንቶን ሴቶች በካንቶኑ ጉዳይ እንዲመርጡ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ያስገደደው በ1990 ነው። እዚያ «ሕዝብ ወሰነ» ሲባል ስንት ዓመት ግማሹ ሕዝብ ማለት ነበር!

በአማርኛ «ሕዝብ» በነጠላ ነው የሚሄደው። «ሕዝቡ መረጠ» እንጂ «ሕዝቡ መረጡ» አንልም። በዚህ ነጠላነት ውስጥ ተሸናፊው ይጠፋል። ከመቶ ሃምሳ ሁለቱ ሲመርጡ «ሕዝቡ መረጠ» ይባላል፤ አርባ ስምንቱ ከሕዝብ የወጡ ይመስላል። በደርግ ጊዜ ይህ ሰዋስው ብቻ ሆኖ አልቀረም። «ሰፊው ሕዝብ» በአንድ ወገን፣ «ፀረ ሕዝብ» በሌላ ወገን ሆነ። «ፀረ ሕዝብ» የተባለ ሰው ከሕዝብ ተቆጥሮ አያውቅም። ስንት ወጣት በዚህች ቅጥያ እንደሞተ እናውቃለን። ስለዚህ ተማሪዎችዎን አንድ ነገር እንዲያስለምዷቸው እለምንዎታለሁ፤ «ሕዝቡ ፈለገ» ከማለት «አብዛኛው መራጭ ፈለገ» ይበሉ። ትንሽ ይረዝማል፤ ሰው ግን አይጥልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። «ሕዝብ» በብዙ ቁጥር ሲሆን ባለቤቱ ይለወጣል። ዛሬ በአገራችን እውነተኛ ዴሞክራሲ ምንድን ነው ብለው የሚጋጩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጋጩት በ«ሕዝብ» እና በ«ሕዝቦች» መካከል ነው። አንዱ እያንዳንዱን ዜጋ ይቆጥራል። ሌላው ማኅበረሰቡን ይቆጥራል። ሁለቱም «የሕዝብ» ሲሉ ራሳቸው ውስጥ ያለው ሥዕል ይለያያል። ከክርክሩ በፊት ማንን እየቆጠሩ እንደሆነ ቢነጋገሩ ብዙ ጩኸት ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የምሥራቅ ጀርመንን ታሪክ ሳልጠቅስ አላልፍም። የአገሩ ስም «የጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ነበር። ፓርላማው «የሕዝብ ምክር ቤት»፣ ፖሊሱ «የሕዝብ ፖሊስ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1989 ላይፕሲግ ከተማ ውስጥ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው ያንን ፖሊስ ፊት ለፊት አልፎ ሄደ። የሚሉትም «ሕዝቡ እኛ ነን» ነበር። እዚህ ላይ «ሕዝቡ» ላይ ያለችውን የመጨረሻ «ቡ» ልብ ይበሉ። «ሕዝብ ነን» ቢሉ ማንም አይደነግጥም። «ሕዝቡ እኛ ነን» ሲሉ ግን «ስማችንን ይዛችሁ የቆያችሁት እናንተ አይደላችሁም» ማለታቸው ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መፈክሩ «አንድ ሕዝብ ነን» ወደሚል ተለወጠ፤ ያን ጊዜ ጥያቄው የዴሞክራሲ መሆኑ አብቅቶ የውሕደት ሆነ።

በ«ዴሞክራሲ» ላይ ስለሚለጠፉት ሌሎች ቅጽሎች በአጭሩ ልበል። «ሕዝባዊ»፣ «አብዮታዊ»፣ «ሊበራል»፣ «ሶሻል» ሁሉም የ«ቀይ ሽንኩርት» ዓይነት ነን፣ ዓይነት ብቻ ነው የምንለየው ይላሉ። «ሊበራል» የግለሰብ መብትንና የሥልጣን ገደብን እንደሚጨምር በግልጽ ይናገራል። «ሕዝባዊ ዴሞክራሲ» ግን ቃል በቃል ከተፈታ የሕዝብ የሆነ የሕዝብ ሥልጣን ነው። ባልደረባዎ ድግግሞሽ ካሰኛቸው ይኸኛው ላይ ቢቆጡ እደግፋቸዋለሁ።

ሌላው፣ ቤት ውስጥና መንገድ ላይ የምንሰማው አጠቃቀም ነው። «አባቷ ዴሞክራት ነው» ሲባል ልጆቹን አይጫንም ማለት ነው። «ዴሞክራሲ በዛ» ሲባል ደግሞ ሥርዓት ጠፋ ማለት ነው። የመጀመሪያውን እወደዋለሁ፤ መስማትን ከዴሞክራሲ ጋር አያይዞታል። ሁለተኛው ያሳዝነኛል። «መብቴ ነው» ያለውን ሰው ሁሉ ልቅ አድርጎ ማየት ለገዢ ይመቻል። ተማሪ በክፍል ውስጥ ጥያቄ አብዝቶ «ዴሞክራሲ መሰለህ?» ሲባል የሰማ መምህር ይህን አማርኛ እንዲያርም እመኛለሁ።

«ዴ» ወይስ «ዲ»? ሁለቱም ሥር ሰደዋል፤ ምሕጻረ ቃላቱን ብቻ ይመልከቱ። ኢዲዩ፣ ኢሕዲሪ፣ ኢፌዲሪ በ«ዲ» ናቸው። ኢሕአዴግ፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድ በ«ዴ» ናቸው። ስንት ዓመት የአገሩ ስም በ«ዲ»፣ ገዢው ፓርቲ በ«ዴ» ሲጻፍ ቆየ። የፈረንሳይኛው አነጋገር ወደ «ዴ»፣ የእንግሊዝኛው ወደ «ዲ» ይስባል። እኔ ለግሪኩ «ዴሞስ» ስለሚቀርብ በ«ዴ» እጽፋለሁ። ተማሪዎ በ«ዲ» ቢጽፍ አይቀንሱበት፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን ከቀላቀለ ግን አንዱን እንዲመርጥ ይንገሩት። «ከሕዝብ» ብሎ ለጻፈውም እንዲሁ ነጥቡን ይስጡትና ጎኑ ላይ «ዛሬስ የማን ነው?» ብለው ይጻፉበት።